የደረቀ ፍሪሲዮንና የትዕግሥት ጥያቄ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የአንዲት አሮጌ ቮልስ ፍሪሲዮን ነው። ይህን ያነበበ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። «ስለ ፍትሕና ስለ ነፃ ፈቃድ በሚጻፍበት ገጽ ላይ እነዚህ ልጆች ጋራዥ ከፈቱ እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። ይበለን። እኛም መጀመሪያ የሳቅነው ይህንኑ ሳቅ ነበር። ነገር ግን ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መኪና ሥር ተጋድመን ከዋልን በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተከራክረን መልስ ያጣንለትን አንድ ጥያቄ እዚያው ዘይትና አቧራ መካከል አገኘነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው የከበደውን ነገር ችሎ መኖሩ መቼ ነው ትዕግሥት የሚባለው? መቼስ ነው ብልሽትን ተሸክሞ መዞር ብቻ የሚሆነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አጎት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራች ቮልስዋገን አለቻቸው። ከገዟት ሠላሳ ዓመት አልፏል። የቮልስን ነገር ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በየሰፈሩ ስናያት ኖረናል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ዓይነት መኪና መሆኑንም ከአባቶቻችን ሰምተናል። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ በዓለም ላይ የተሠሩት ቁጥራቸው ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። የጋሼዋ ከእነዚያ አንዷ ናት። ቀለሟ ደብዝዟል፣ አንዱ በሯ በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ሞተሯ ግን ጧት ጧት በአንድ ቁልፍ ይነሣል።

የጋሼ ልጅ አምና መንጃ ፈቃድ አወጣች። በማሠልጠኛ መኪና ተለማምዳ፣ ፈተናዋን ባንዴ አልፋ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ በደስታ የቮልሷን ቁልፍ ሰጧት፣ እኛም አጃቢ ሆነን ከኋላ ተሳፈርን። ችግሩ የጀመረው ፍሪሲዮኑን ስትረግጥ ነው። ፔዳሉ አልወርድ አላት። ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግታ፣ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወገቧን ከመደገፊያው ጋር አጣብቃ ስትገፋው በመከራ ወረደ። ቸርችል ጎዳና ዳገቱ ላይ መብራት ይዞን ቆምን። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፍሪሲዮኑ ሳትፈልገው አመለጣት፣ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀው። እንደገና አስነሣች፣ እንደገና ጠፋ።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን የዚያን ቀን ያሉት ይህ ነው፦ «እግርሽ ደካማ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ረግጬዋለሁ። ቮልስ ጉልበት ላለው ነው የተሠራችው።» እኛስ ምን አልን? ሳቅን። ከመካከላችን አንዱ «ትለምጂዋለሽ፣ አይዞሽ» አለ፤ ያለው ለማጽናናት ነበር፣ ነገር ግን ቃሉ ከጋሼ ቃል ብዙ አይርቅም። ልጅቱ ቤት ስትደርስ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «አባዬ፣ እኔ አልችልም» ብላ ገባች። ከዚያ ወዲያ ብዙ ወር መኪናዋን አልነካችም። ሌላም መኪና አልነካችም። ይህ የኋለኛው ነገር ነው ልብ ሊባል የሚገባው።

በዚህ መካከል የጋሼ ግራ ጉልበት ጠናባቸው። ጉልበታቸው ካመማቸው ቆይቷል፤ ቅባት ይቀቡታል፣ ፍል ውሃ ይመላለሳሉ፣ «እርጅና ነው፣ የባሰ አታምጣ» ይላሉ። ለመካኒክም ከዓመታት በፊት አንድ ጊዜ ነግረው ነበር፤ መልሱ «የቮልስ ፍሪሲዮን እንዲህ ነው ጋሼ» የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ተዘጋ። እኛ ወደ ነገሩ የገባነው ለፍልስፍና ብለን አይደለም። ዕረፍት ላይ ነበርን፣ ገንዘብ የለንም፣ ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ እያቀበለ ያደገ ነው። እሱ ነው «እስቲ አንድ ጊዜ እንየው» ያለው።

እንደኛ ላለው የቋንቋና የፍልስፍና ተማሪ ፍሪሲዮን ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንናገር። ሞተር አንዴ ከተነሣ መዞሩን አያቆምም፤ ጎማ ግን መቆም አለበት፣ ማርሽም መለወጥ አለበት። ስለዚህ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አንድ ጊዜ የሚያገናኝ፣ አንድ ጊዜ የሚያለያይ ነገር ያስፈልጋል። ይህ ነገር ሸራ የለበሰ ክብ ዲስክ ነው። ዲስኩን ጠንካራ ሞላ ያለው የብረት ሳህን ከሞተሩ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ፔዳሉን ስንረግጥ ካቦው ይሳባል፤ ካቦው ካምቢዮው ጎን ያለችውን ማንሻ ይጎትታል፤ ማንሻዋ ኩሽኔታውን ትገፋለች፤ ኩሽኔታው ሞላውን ይጫነዋል፤ ያን ጊዜ ዲስኩ ይለቀቃል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለ ሆነ ካቦው ከነጂው እግር ተነሥቶ በወለሉ መካከል በተቀበረ ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ እስከ ኋላ ድረስ ይጓዛል። ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ካምቢዮው አጠገብ ተጣጣፊ በሆነ ሽፋን ውስጥ ያልፋል። ይህን ሽፋን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ፍሪሲዮን ጨርሶ እንዳይከብድ መመኘት ስሕተት ነው። እግራችን የሚገፋው የሞላውን ጉልበት ነው፤ ያ ጉልበት ደግሞ መኪናዋን ዳገት የሚያወጣት ነው። ሞላው ቢላላ ዲስኩ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ምንም የማይከብድ ፔዳልማ ካቦው የተበጠሰ ፔዳል ነው፤ ሲረግጡት እንደ ለስላሳ አፈር ይወርዳል፣ ምንም ግን አይሠራም። ስለዚህ ለእግር የሚሰማው ክብደት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተገቢ ክብደት ነው፤ ሥራው ራሱ የሚጠይቀው፣ ከሌለ ሥራው የማይሠራበት። ሁለተኛው ከዝገት፣ ከድርቀት፣ ከመጣመም የመጣ ክብደት ነው፤ እግርን ያደክማል እንጂ ለሥራው አንዲት ነገር አይጨምርም። ክፋቱ እግር ሁለቱን ለይቶ አለማወቁ ነው። ለእግር ሁሉም አንድ ክብደት ነው።

ታዲያ እንዴት ይለያል? የመጀመሪያው መንገድ ማነጻጸር ነው። ጋሼ በሕይወታቸው የነዱት አንዲት ቮልስ ብቻ ነው፤ የእሷ ክብደት ለእሳቸው የቮልስ ሁሉ ክብደት ነው። እኛ ሰፈር ውስጥ ወደ ቆመች ሌላ ቮልስ ሄድንና ባለቤቱን ለመንናቸው። «ፍሪሲዮንዎን እንርገጥ?» ሲባሉ ግራ ገባቸው፣ ቢሆንም ፈቀዱልን። ረገጥነው። ይገፋል፣ ነገር ግን በሰው ልክ ይገፋል። በዚያች ደቂቃ «የቮልስ ፍሪሲዮን እንዲህ ነው» የሚለው ቃል ፈረሰ። ሠላሳ ዓመት የቆየ እውነት በአንድ እርግጫ ሲፈርስ ማየት ያስደነግጣል።

ሁለተኛው መንገድ መነጠል ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አግደን፣ ከሥሯም ወፍራም ግንድ ደገፍን (በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነውና ማንም አይሞክረው)። የግራውን የኋላ ጎማ ስናወልቅ የካቦው ጫፍ ታየ። ጫፉን ማንሻዋ ላይ የያዘችው ክንፍ ያላት ዳዶ ናት። እሷን ፈትተን ካቦውን ከማንሻዋ ለየነውና ማንሻዋን ብቻዋን በእጅ ሞከርናት፤ አልደረቀችም፣ ሞላው እስኪያገኛት ድረስ በነፃ ሄደች። ወደ ፊት መጥተን ፔዳሉን ያለ ካቦ አወዛወዝነው፤ እሱም በጣት ሄደ። እንግዲህ ፔዳሉ ጤነኛ፣ ማንሻዋ ጤነኛ። በሁለት ጤነኞች መካከል ግን አንድ የታመመ አለ ማለት ነው። ካቦውን ስንስበው እየተንገጫገጨ፣ እየያዘ፣ እየለቀቀ መጣ።

በሽታው ያ ተጣጣፊ ሽፋን ነበር። ይህ ሽፋን ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም፤ ጥቂት መጉበጥ አለበት። ልኩ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ጉብጠቱ ካነሰ መኪናው ሲነሣ ይርገፈገፋል፤ ከበዛ ደግሞ ካቦው ግድግዳውን እየፋቀ ስለሚያልፍ ፔዳሉ ይከብዳል። ልኩን የሚያስተካክሉት ጫፉ ላይ የሚገቡ ሮንዴላዎች ናቸው። የጋሼዋን ያየ ሰው አንድ ዘመን ላይ አንድ እጅ ሮንዴላ በሮንዴላ ላይ ደራርቦ እንደ ቀስት እንዳጎበጣት ያውቃል። በዚያ ላይ ውስጡ የገባው ግራሶ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቋል። ካቦውን ጎትተን ስናወጣው ደግሞ ጉብጠቱ ላይ ሲፋቅ የኖረው ቦታ ተላጭቶ፣ ከተገመዱት የብረት ክሮች አራቱ ተበጥሰው እንደ እሾህ ቆመዋል።

ይህን ስናይ ዝም አልን። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ጋሼ «ጉልበት ይጠይቃል» ሲሉ የኖሩት፣ ልጅቱንም «ጨክነሽ ርገጪ» ያልናት፣ ያ ጭካኔ ሁሉ የዋለው ካቦውን ለመቁረጥ ነበር። እግሯ እኛ በተመኘንላት መጠን ቢጠነክር ኖሮ ካቦው እዚያው ቸርችል ዳገት ላይ ይበጠስ ነበር።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ለሠላሳ ዓመት ነጂ እንዴት አይታወቀውም? መልሱ ቀላል ነው፤ በአንድ ቀን አልመጣም። በጥንት የግሪክ ፈላስፎች ዘንድ የሚሊጢሱ ኢዩቡሊደስ ነው የሚባል አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ አለ። አንዲት ፍሬ እህል ክምር አይደለችም፤ አንድ ፍሬ ብንጨምርባትም ክምር አትሆንም፤ እንዲህ አንድ አንድ እያልን ስንጨምር ታዲያ ክምር የሆነው በየትኛዋ ፍሬ ነው? ክፍል ውስጥ ስንማረው የቃላት ጨዋታ መስሎን ነበር። ቮልሷ ሥር ሆነን ግን ሥጋ ለበሰ። የዛሬው ፔዳል ከትናንቱ በምንም አይለይም፤ የነገውም ከዛሬው አይለይም። ጋሼ በየቀኑ ልክ ናቸው። በየቀኑ ልክ እየሆኑ ሠላሳ ዓመት ተሳሳቱ። የኛው ተረት እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላል፤ ተረቱ የሚነገረው ለበጎ ነው፣ ብልሽትም ግን በዚያው እግር እንደሚሄድ አይነግረንም።

ስለዚህ ብልሽቱን ማየት የቻለችው ያልለመደችው ልጅ ብቻ ነበረች። እሷ ከሌላ መኪና መጥታለች፣ ማነጻጸሪያ ነበራት። የሷ እግር በዚያ መኪና ውስጥ እውነቱን የተናገረ ብቸኛ መለኪያ ነበር። እኛ ግን መለኪያውን ደካማ ብለን ወረወርነው። አዲስ ሰው ወደ አንድ ቤት፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሲገባ «ይህ ነገር ከበደኝ» ካለ፣ ነባሩ ሰው ከሁሉ በፊት የሚመረምረው የአዲሱን ሰው ጉልበት ነው። ምርመራው ግን ከሁለቱም ወገን መጀመር ነበረበት። አዲሱ ሰው በእውነት ደካማ ሊሆን ይችላል፤ አንክድም። ይህንን ግን ማወቅ የሚቻለው ካቦው ከታየ በኋላ ነው።

አዲስ ካቦና ሽፋን ገዛን። ቱቦውን አጥበን፣ ካቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራሶ ቀብተን አስገባን፤ የፊቱን ጫፍ ከፔዳሉ ሥር ካለው ሜንጦ ላይ ማንጠልጠል ሁለት ሰዓት ፈጀብን፣ ምክንያቱም ካቦው ተወጥሮ ካልተያዘ ከሜንጦው ይወልቃል። ሽፋኑን ሮንዴላ እየቀነስን በልኩ አጎበጥነው። በመጨረሻ ክንፍ ባላት ዳዶ የፔዳሉን ነፃ ጉዞ አስተካከልን። ይህም ማለት ፔዳሉ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል በባዶ መሄድ አለበት፤ ያ ባዶ ጉዞ ከሌለ ኩሽኔታው ዕረፍት አያገኝም፣ ሸራውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ጋሼን ጠራናቸው። ተቀምጠው ረገጡ፤ ለለመዱት ክብደት ያዘጋጁት እግር ነበርና ፔዳሉ ወለሉን በኃይል መታ። ደነገጡ። ደግመው ረገጡ። ሦስተኛ ረገጡና «ይቺ ሌላ መኪና ናት» አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ለኛ ይሁን ለራሳቸው ባልለየ ድምፅ «ስንት ዓመት ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። ልጃቸውን አስጠሯት። «ነይ እስቲ፣ አንቺ ሞክሪያት» አሏት። ልጅቱ ገብታ ረገጠችው። ቀና ብላ አየቻቸውና «አባዬ፣ እግሬ ደህና ነው ማለት ነው?» አለች። ጋሼም «ደህና ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፣ እኛም ከዚያ በላይ መስማት አልፈለግንም።

የዚያን ዕለት ማታ ዶርም ስንመለስ ክርክሩ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ «የጋሼ ትዕግሥት ከንቱ ነበር፤ ትዕግሥት ሳይሆን ስንፍና ነው» አለ። ሌላው ተቆጣ፦ «ሠላሳ ዓመት በታመመ ጉልበት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያመላለሰ ሰው ሰነፍ ይባላል? ሕመሙን ለማንም ሳይናገር የቻለ ሰው እኮ ነው!» ሁለቱም እውነት አላቸው። ግራ ያጋባንም ይህ ነው። የአንድ ሰው ጥንካሬ እውነተኛ ሆኖ፣ የጥንካሬው ምክንያት ግን ከንቱ ሊሆን ይችላልን?

እኛ የደረስንበት መልስ አዎን፣ ይችላል የሚል ነው። አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ ምግባር በልማድ እንደሚገኝ ያስተምራል፤ ደጋግመን ስንሠራው ጠባያችን ይሆናል። ነገር ግን እዚያው ላይ ልማድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ተገቢውን ነገር፣ በተገቢው ጊዜ፣ ለተገቢው ምክንያት ማድረግ እንደሚያስፈልግ ይጨምራል። ሊቈጣ በሚገባው ነገር የማይቈጣ ሰው ለእሱ ትሑት ሳይሆን ሞኝ ነው። ይህን ወደ ትዕግሥት ብናመጣው፣ ትዕግሥት የሚመዘነው በተሸከምነው ክብደት ብዛት አይደለም ማለት ነው። የሚመዘነው ያ ክብደት ለሥራው ተገቢ መሆን አለመሆኑን በመጠየቃችን ነው። ጋሼ የሞላውን ክብደት ሲሸከሙ ታጋሽ ነበሩ። የደረቀውን ግራሶ ክብደት ሲሸከሙ ግን ለማንም የማይጠቅም ግብር ከፈሉ። ሁለቱን የከፈሉት በአንድ እግር ነውና ሒሳቡ ተምታታባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ኤፒክቴጦስ ባሪያ የነበረ፣ እግሩም የሚያነክስ ፈላስፋ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው በኛ ሥልጣን ሥር ያለውንና የሌለውን በመለየት ነው፤ የሌለውን በጸጥታ መቀበል፣ በራስ ፈቃድ ላይ መሥራት። አንድ የሱ ተከታይ ታዲያ «እግርህን አጠንክር፣ ዓለምን ለማጠፍ አትሞክር» ሊለን ይችላል። አገራችንም በዚህ ዓይነት ምክር የበለጸገች ናት። ምክሩን አንንቀውም። ካቦ መግዣ ለሌለው፣ ወይም መኪናው የራሱ ላልሆነ፣ ወይም የሚሸከመው ነገር ሞትና ሐዘን ለሆነ ሰው፣ መቻል ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ግን ልብ እንበል፣ ኤፒክቴጦስ መጀመሪያ «ለዩ» ነው ያለው። መለየት ደግሞ አልጋ ላይ ተኝቶ በማሰብ ብቻ የሚሆን አይደለም። በኛ ሥልጣን ሥር ምን እንዳለ የምናውቀው አንዳንዴ ጎማ አውልቀን፣ ዳዶ ፈትተን፣ አቧራ በዐይናችን ገብቶ ነው። ጋሼ «ይህ በእኔ ሥልጣን ሥር የለም» ብለው የደመደሙት ሳይፈትሹ ነው። ሳይፈትሹ መቀበል ጥበብ አይባልም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ለመጻፍ ተግደርድረን ነበር። በክርክሩ መካከል ከኛ አንዱ ድንገት ዝም አለና «ያንን ልጅ ታስታውሱታላችሁ?» አለ። ሁላችንም አስታወስነው። አንድ ክፍል ውስጥ አብሮን ያደረ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ፣ ዝምተኛ። ማታ ማታ ኖቱን ዘርግቶ ይቀመጥና ከአንድ ገጽ አይሻገርም ነበር። አንድ ቀን «እናንተን አይከብዳችሁም?» ብሎ ጠየቀን። መልሳችን ያው ነበር፦ «ትለምደዋለህ።» እኛም በዚያ አልፈናል፣ እኛም ችለናል፣ ታዲያ እሱ ለምን አይችልም? አልለመደውም። አንድ ጠዋት ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ተሰናብቶን ሄደ። የከበደው ነገር ምን እንደ ነበር ዛሬም አናውቅም። ቋንቋው ይሁን፣ ዐይኑ ሰሌዳውን አላየው ይሁን፣ ከቤት የመጣ ሐሳብ ይሁን፣ አልጠየቅነውም። ምናልባት ሮንዴላ መቀነስን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ምናልባትም አልነበረም። የሚጸጽተን አለማወቃችን ነው፤ ያላወቅነውም «ትለምደዋለህ» የምትለዋ ቃል ጥያቄውን ሁሉ ስለ ዘጋችው ነው።

ስለዚህ ቃሉን መመርመር ይገባል። «ትለምደዋለህ» ደግ ቃል ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም ነው። ነገር ግን የተናገረውን ሰው ከሥራ ያሳርፋል። «እስቲ አሳየኝ፣ የቱ ላይ ነው የሚከብድህ?» ብንል ኖሮ መጎንበስ ሊኖርብን ነው። ደግሞም ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። የቻልነው ክብደት ከንቱ ሆኖ ከተገኘ የኛም ድካም ከንቱ ሊሆን ነው። ሠላሳ ዓመት የረገጠ ሰው ፔዳሉ የተበላሸ መሆኑን መስማት አይወድም፤ ጥንካሬው ሁሉ የክብሩ ምንጭ ነበርና። ለዚህ ነው ነባር ሰው አዲሱን «እኔስ ችዬው የለ?» የሚለው። የተቀበለውን መከራ ለሚመጣው ሰው መግቢያ ዋጋ ያደርገዋል። እኛ ጋሼን የምናከብራቸው ስለ ሠላሳው ዓመት ብቻ አይደለም፤ «ደህና ነበር» ስላሉት ቃልም ነው። ያን ቃል ለመናገር ሠላሳውን ዓመት ማስረከብ ያስፈልግ ነበር፣ አስረከቡትም።

ይህን ስንል ሁሉም ክብደት ብልሽት ነው ማለታችን አይደለም። ትምህርት ይከብዳል፣ መክበድም አለበት፤ ፍቅርም፣ ወላጅን መጦርም፣ እውነትን መናገርም ይከብዳል። ከነዚህ ክብደቱን አውጡልን የሚል ሰው ካቦው የተበጠሰ ፔዳል እየለመነ ነው። የምንለው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ሰው «ከበደኝ» ሲለን መልስ ከመስጠታችን በፊት ዳዶዋን እንፍታና አንድ በአንድ እንይ፤ ፔዳሉን ለብቻ፣ ማንሻዋን ለብቻ፣ ካቦውን ለብቻ። ካየን በኋላ የሞላው ጉልበት ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ «በርታ» ማለት ያምርብናል፤ ቃሉም ዋጋ ይኖረዋል።

ልጅቱ አሁን ትነዳለች። ባለፈው እሑድ ከኋላ ተሳፍረን በዚያው በቸርችል ዳገት ወጣን፤ መብራት ይዞን ቆምን፣ አረንጓዴ ሲሆን መኪናዋ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትንገጫገጭ ተነሣች። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ምንም አልተናገሩም። ግራ እግራቸው ግን ልጅቱ ፍሪሲዮን በረገጠች ቁጥር በባዶ ወለል ላይ፣ በድሮው ጉልበት፣ አብሮ ይረግጥ ነበር።